ሬሳው ሳቀ

ካሳማ፣ ማርች 9 ቀን 1987

ለእህቴ ልጅ ለሳምፓ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጤንነቴን ጠይቀሃል፤ ከግራ ጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል፤ ከሬዲዮውም ይበልጥ ይታመናል። አክስትህ ኤሊና ሰላም ብላሃለች። ከስቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ ስላለችኝ ይኸው ጠየቅሁ።

ቲያትር ገባሁ ያልክበትን ገጽ ብስክሌት ሊያስጠግኑ ለመጡት ደንበኞቼ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ከደስታ ብዛት ነው። ልጅ ሳለህ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። አስተማሪው ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አፍረህ ስንቴ ቀሪ ተብለሃል። እንግዲህ ያ ልጅ ዛሬ ሙፉሊራ ላይ፣ በማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ፣ ሕዝብ ፊት ቆመ ብዬ ለደንበኞቼ እየተኩራራሁ ገጹን ስገልጠው፣ ለካስ አልቆምክም፤ ተጋድመሃል። የሰጡህ የሬሳ ሚና ነው። ሰዎቹ ምን ያህል እንደሳቁ አልነግርህም። አንዱማ ብስክሌቱን ረስቶት ሄደ።

"ሬሳ ቃል ስለሌለው ነው የተቀበልኩት" ብለሃል። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ብቻህን ከውሃ መሳቢያ ሞተር ጋር እየዋልክ፣ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ሬሳ። መቼም ሰው የሚስማማውን ያውቃል። እኔ ግን ኮርቼብሃለሁ። መድረክ ላይ መጋደምም መድረክ ላይ መውጣት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ። በደብዳቤህ ውስጥ ዜሊፓ የሚባል ስም ከእናትህ ስም ይበልጥ ይመላለሳል። አንድ ቦታ ላይ ጽፈህ ሰርዘኸዋል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዤ አነበብኩት። ዜሊፓ ማን ናት? ጉልበቴ ማወቅ ይፈልጋል።

አጎትህ ካፔምብዋ

*

ሙፉሊራ፣ ማርች 26 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ፤

እባክዎ ደብዳቤዬን ለደንበኞች አያንብቡ። ለአክስቴ አልከሳሁም ይበሉልኝ።

ዜሊፓ ጄሬ እዚህ ሆስፒታል ነርስ ናት። በነገድ ንጎኒ ናት፤ አባቷ በባቡር ሥራ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቲያትራችን የአንድ ማዕድን ቆፋሪ ታሪክ ነው፤ ሰውየው ይሞታል፣ ዘመዶቹ የሚስቱን አልጋና ማሰሮ ሳይቀር ሊወስዱባት ይመጣሉ። ሟቹ እኔ ነኝ። ቤምባ ሆኜ ስለሞትኩ፣ የቡድናችን መሪ መምህር ሉቢንዳ እንደ ወጉ ለቅሶዬ ላይ የምትቀልድ አንዲት ንጎኒ ታስፈልጋለች አሉና ዜሊፓን ራስጌዬ አጠገብ አቆሟት። ሰው እያለቀሰ እሷ ትሰድበኛለች። በየልምምዱ ስድቡ አዲስ ነው። "ተነሳ አንተ ጦጣ በሊታ፣ ደጅ ላይ ሙዝ ጥለውልሃል" ትላለች። ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነክሼ እተኛለሁ። ድምጿን ስሰማ ልቤ እንዴት እንደሚመታ ከአንሶላው በላይ እንዳይታይብኝ እፈራለሁ።

የጠየቁኝን ሳልደብቅ መልሼልዎታለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ከልምምድ በኋላ ሻይ ስንጠጣም ትሰድበኝ ነበር። "ይሄ ጦጣ በሊታ ስኳር ያውቃል እንዴ?" ትል ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻዬን እጠጣለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ተወችኝ። ለሌሎቹ ሻይ ትቀዳለች፣ እኔን ታልፈኛለች። ምን አጠፋሁ? አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኳትም። እንዲያውም ምንም ቃል አልተናገርኳትም።

ሳምፓ

*

ካሳማ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 1987

ሳምፓ ልጄ፤

ደብዳቤህን ለማንም አላነበብኩም፤ ለአክስትህ ብቻ። እሷም ለጎረቤት ብቻ።

ምን አጠፋሁ ላልከኝ፣ አጥፍተሃል፤ ያጠፋኸውም ባለመሳደብህ ነው። እናትህ ከተማ ወስዳ ስታሳድግህ የመዳብ አቧራ ጆሮህን ደፍኖት ነው እንጂ ይሄ የሚነገር ነገር አልነበረም። እኛና ንጎኒዎች አያቶቻችን ተዋግተው ተዋግተው ሲሰለቻቸው ጦሩን ጣሉና ስድቡን ለልጅ ልጅ አወረሱን። ንጎኒ ጦጣ በሊታ ሲለኝ ዘመዴ ነህ ማለቱ ነው። አይጥ በሊታ ብዬ ስመልስለት አዎ ዘመድህ ነኝ ማለቴ ነው። ዝም ካልኩት ግን፣ እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲለኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ ማለት ነው። ያቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ጊዜ እጇን ስትዘረጋልህ ነበር፣ አንተ አንገትህን ደፍተህ ሻይ ትጠጣለህ። "ይሄ ኩሩ ቤምባ ናቀኝ" ብላ ብትተውህ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ስደባት። የምር ስድብ ስደባት፣ ለስላሳ አይሁን። የአባቷን ጢም ስደብ፣ ጢም ባይኖራቸውም። ሰው ፊት መናገር አልችልም ካልክ፣ ሬሳ አይደለህ እንዴ? ዓይንህ እንደተጨፈነ ነው። ሬሳ ሰው አያይም፣ ምን ያሳፍረዋል?

የአባቷ ቤት የት አካባቢ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ለማወቅ ያህል ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው።

ካፔምብዋ

*

ሙፉሊራ፣ ሜይ 18 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታሞ ነው ብለው እንዳያስቡ፤ አልታመምኩም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ነው።

ሰደብኳት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሆስፒታሉ ነርሶች፣ የማዕድን ቆፋሪዎቹ ሚስቶች፣ አባቷም ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። እንደ ሁልጊዜው ራስጌዬ ቆማ "ተነሳ ጦጣ በሊታ፣ በወዲያኛውም ዓለም ሙዝ የለም፣ አጣርተናል" አለች። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ "ልነሳ ነበር፣ ግን ኪስሽ ውስጥ ያለችው አይጥ እያየችኝ ነው" አልኩ።

አጎቴ፣ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። መጀመሪያ ሚስቴ ሆና የምታለቅሰው ሴት ለቅሶዋን አቆመች። ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። የዜሊፓ አባት ወንበራቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ ለእኔ ብቻ፣ "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለችኝ። ሬሳው ሳቀ። መምህር ሉቢንዳ ቲያትሩን አበላሸኸው ብለው ሊቆጡ መጥተው፣ ሕዝቡ ይደገም ሲል ሰምተው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሬሳው ይመልሳል ብለው ወሰኑ።

አሁን በየትርኢቱ እንሰዳደባለን። ከልምምድ በኋላም እስከ ቤቷ እየተሰዳደብን እንሄዳለን። አባቷ በር ላይ ተቀምጠው "ጦጣ በሊታው መጣ፣ ሙዙን ደብቁት" ይላሉ፤ እኔም እመልሳለሁ። ይሄን ያህል ሳወራ እናቴ ብታየኝ ሌላ ሰው ነው ብላ ታባርረኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ በር ላይ ቆመን፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ አልኳት። ሳቀች። ቀልዴን አይደለም አልኩ። "ጎበዝ፣ ጥሩ ቀልደኛ እንዲህ ነው የሚለው" አለችኝ። በጁላይ መጨረሻ ለአዋላጅነት ትምህርት ወደ ቺፓታ ትሄዳለች፤ ዓመት ነው። ሳታምነኝ እንዳትሄድ እፈራለሁ።

ስለ ቤታቸው ስለጠየቁኝ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ነው። ለምን እንደፈለጉት ግን አልነገሩኝም።

ሳምፓ

*

ካሳማ፣ ጁን 3 ቀን 1987

ሳምፓ ልጄ፤

የሬሳውን መልስ ሳነብ አክስትህ ሳቄን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች፤ ወድቄ መስሏት። ዳግመኛ ሬሳ ሆነህ እንድትጫወት እንጂ ወደ ሕያው ሚና እንዳያሳድጉህ ንገራቸው።

ስለ ሁለተኛው ነገር ብዙ አትጨነቅ። የጠየቅከኝን ምክር አሁን አልሰጥህም፣ ጉልበቴ አሞኛል። የጭነት መኪና ነጂው ማላማ በዚህ ሳምንት ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ምናልባት ሰላም ይልህ ይሆናል። ካላለህም ሥራ ይዞት ነው። ቃሪያና የደረቀ ዓሣ ልኬልሃለሁ። ሌላ የላክሁት ነገር የለም። ላንተ ማለቴ ነው።

ካፔምብዋ

*

ሙፉሊራ፣ ጁን 20 ቀን 1987

አጎቴ፤

ዓሣው ደርሶኛል። ሳህኖቹም ደርሰዋል።

አቶ ጄሬ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ማላማ ሰማያዊውን በር አንኳክቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደፋ ሁለት ሳህን አስቀምጦ፣ "ከካሳማ፣ ከካፔምብዋ፣ ለሳምፓ" ብሎ ሄደ። በመሃሉ ነጭ ዶቃ ነበር። ሽማግሌ ላኩ። ሳይነግሩኝ። እኛ ዘንድ ሳህኑን ካስቀሩት እንነጋገር ማለት ነው፣ ባዶውን ከመለሱት አይሆንም ማለት ነው። አቶ ጄሬ ግን ሽማግሌውም ላኪውም ቤምባ መሆናቸውን አይተው፣ ይሄ የጦጣ በሊታዎች ቀልድ ነው ብለው አንድ ሳህን አስቀርተው፣ አንዱን ዶቃውን አውጥተው ሌላ ነገር አድርገውበት መልሰው ላኩልዎ። ምን እንዳደረጉበት ዜሊፓ እየሳቀች ነገረችኝ። "አጎትህ ከአንተ ይበልጣሉ፣ አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ" አለችኝ።

ከእንግዲህ ምን ብላት ታምነኛለች? በራሴ አፍ ብናገር ቀልድ ሆነ፤ በእርስዎ ሳህንም ቀልድ ሆነ። ለጊዜው አልጽፍም።

ሳምፓ

*

ካሳማ፣ ጁላይ 2 ቀን 1987

ልጄ ሳምፓ፤

አልጽፍም ስላልክ እኔ እጽፋለሁ።

ሳህኑ ደርሶኛል። ሦስት የደረቁ አይጦች፣ በስንጥር ላይ በሥርዓት ተሰክተው። አክስትህ ጮኻ ወጣች። እኔ ለብቻዬ ተቀምጬ ብዙ ሳቅኩ፤ ከዚያ አንተ ትዝ ስትለኝ ሳቄ ቆመ። እንዳሰብኩት አልሆነም። ሁለት ሽማግሌዎች ነገሩን በሳቅ ይጨርሱታል ብዬ ነበር፣ በመሃል ያለው ሰው አንተ መሆንህን ረሳሁ። ይቅርታ። ለሰው ብዙ ጊዜ ይቅርታ አልልም፣ ጥርሴ ውስጥ ይያዛል፤ ግን ይኸው ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

የጠየቅከኝን አሁን ልመልስ። በዘመድ ቀልድ ውስጥ ሆነህ ቀልዴን አይደለም ብትል ማንም አይሰማህም፤ ሁሉም እንደሱ ይላል። ምን ማድረግ እንዳለብህ አላውቅም። ያወቅሁ እየመሰለኝ ነው ነገሩን ያበላሸሁት። ደግሞ ለማላማ ሰጥቼ የምልከው ነገር የለም፤ እርም ብያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ያንተ ነው። አንተ ደግሞ ሳትናገር የምታደርገውን ነገር ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሌሎች ንግግር ይሻላል።

አንዷን አይጥ ቀመስኳት። መጥፎ አይደለችም። ለአቶ ጄሬ እንዳትነግርብኝ፤ ዕድሜ ልኬን ስሰድባቸው ልኖር ነው።

ካፔምብዋ

*

ሙፉሊራ፣ ጁላይ 16 ቀን 1987

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። አልጽፍም ማለቴንም ይቅር ይበሉኝ።

የአቶ ጄሬ ታላቅ እህት አረፉ። ዜሊፓን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሐኪም ቤት እሷ በምትሠራበት ክፍል ነው ያረፉት።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ውጪ በእሳት ዙሪያ። ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይሄ ሬሳ ሆኖ የሚጫወተው ቤምባ ነው ተባባሉ፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ከወንበሩ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ቀልድህን ጀምር እንጂ እያለ። ሌሎች ቤምባዎች እንደ ወጉ በሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው "ወይ ማረፊያ አጣን፣ አይጥ በሊታዋ ቦታውን ሁሉ ያዘችው" እያሉ ሰውን ያስቁ ነበር። ዜሊፓ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። የኔን ቀልድ እየጠበቀች መሆኑን አወቅሁ። ያን ቀን ቀልድ ያስፈልጋት ነበር፤ አጎቴ፣ ይሄ ነበር ከሁሉ የከበደኝ። ልቀልድላት ፈልጌ ነበር።

ግን አልቀለድኩም። በቤቱ ጀርባ አለፍኩ። እዚያ የሟቿ ልጆች ባሎች፣ አማቾቹ፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው የአማች ሥራ የሆነውን የለቅሶ እንጨት ይፈልጡ ነበር። አንድ መጥረቢያ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። አነሳሁት። ከአማቾቹ አንዱ "ወንድሜ፣ ያንተ ቦታ ወዲያ ነው፣ ሂድና ሰውን አስቅ" አለኝ። እኔ ግን መፍለጥ ጀመርኩ።

አንድ ግንድ ጨረስኩ፣ ሌላ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ወዲያ ያለው ሳቅ ቀነሰ። ሴቶች በመስኮት ያዩ ጀመር። የአቶ ጄሬ አክስት የሆኑት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ፤ ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ ግቢው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ "ይሄ እንጨት የሚፈልጠው የማን ባል ነው?" አሉ።

አጎቴ፣ ቀና ማለት አልቻልኩም። ዜሊፓ አንድ ነገር ብቻ ብትል፣ "ተዉት፣ ጦጣ በሊታ ነው" ብትል፣ ሁሉም ስቆ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን ልትልም ትችል ነበር፤ ከእኔ ይልቅ አፍ አላት።

እሷ ግን "የኔ ነው" አለች።

ውሃ ይዛልኝ መጣች። ጠጣሁ። "ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም?" አለችኝ። ነግሬሽ ነበር አልኳት። "እንዲህ አልነገርከኝም" አለች፣ እና ወደ ለቅሶው ተመለሰች።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ትናንት በገበያው መንገድ ከአቶ ጄሬ ጋር ተገናኘን። እንደ ሁልጊዜው ሙዙን ደብቁ ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው "እንደምን ዋሉ አቶ ሳምፓ" አሉኝ፣ መንገድ ለቀውልኝ አለፉ። አንቱ አሉኝ። አንድም ስድብ የለም። በለቅሷቸው ላይ ያልተፈቀደልኝን ቦታ ስለያዝኩ ተቀይመውኝ ይሆን? ዜሊፓ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች። ምን ላድርግ?

ሳምፓ

*

ካሳማ፣ ጁላይ 23 ቀን 1987

ለአቶ ሳምፓ፤

እኔም እንዲህ ልበልህ፣ ከእንግዲህ ሰው ነህ።

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ከዚያ ቆሜ አነበብኩ፣ ከዚያ አክስትህ ነጥቃኝ አነበበች። እሷ አለቀሰች። እኔ ጉልበቴን አሻሸሁ፣ ምክንያቱም የሚያለቅስ ሰው ሌላ ነገር ሲያሻሽ አይታወቅበትም።

የጠየቅከኝን ሁሉ ባለፉት ደብዳቤዎች በተንኮል መለስኩልህ፤ ይሄኛውን በቀጥታ ልመልስ። አቶ ጄሬ አልተቀየሙህም። ንጎኒ ከቤምባ ጋር ይቀልዳል፤ አባት ግን ከልጁ ባል ጋር አይቀልድም። መንገድ ይለቅለታል፣ አንቱ ይለዋል፣ ዓይኑን አያይም። አንተም አትቀልድባቸውም። ያ ሰው ባርኔጣውን ሲያወልቅልህ ልጄን ሰጥቼሃለሁ ማለቱ ነበር። መንገድ ላይ ነው ያገኙህ፣ ሌላ ሰው ባይኖር ኖሮ እንኳን ያንኑ ያደርጉ ነበር። አሁን ገባህ? አንድ የቀልድ ዘመድ አጥተሃል፣ አማት አግኝተሃል። ዜሊፓ ቺፓታ ትሂድ። ዓመት ነው፣ ቺፓታም ደብዳቤ ይደርሳል፤ አንተ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ ከእኔ ተምረሃል።

ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ሽማግሌው እኔ አይደለሁም፣ አትፍራ። ከካሳማ አንድ ጎረቤት ይዣለሁ፤ ከሎዚ ነገድ ናቸው፣ ከንጎኒም ከቤምባም ጋር አይቀልዱም፤ እውነቱን ለመናገር ከማንም ጋር አይቀልዱም። አዲስ ሳህን ገዝተናል። ዶቃው የአክስትህ ነው።

አንድ ልታውቀው የሚገባ ችግር አለ። አቶ ጄሬ ለኔም አማት ሆኑ። የእናት ወንድም ማለት አባት ማለት ነው፣ እኛ ዘንድ ከዚያም ይበልጣል። በራቸው ገብቼ፣ ያ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ስለ አይጦቹ አንድም ቃል መናገር አልችልም። እሳቸውም ስለ ጦጣ አይናገሩም። ከአንድ እስር ቤት እንደወጡ ሁለት ሽማግሌዎች አንገታችንን ደፍተን ስለ ዝናብ እናወራለን። እንዲህ ዓይነት ሰው በሃምሳ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው፣ በአንድ የእንጨት ክምር ወሰድክብኝ።

ይሁን፣ ወስደኸዋል፣ ደስ ብሎኛል። ከማለዳ ጀምሮ ዝም ማለት እየተለማመድኩ ነው። ቅድም አንድ ንጎኒ ጎማ ሊያስነፋ መጣ፤ አንገቴን ደፍቼ "እንደምን ዋሉ" አልኩት። ሰውየው ብስክሌቱን ትቶ፣ ካፔምብዋ ታሟል ብሎ ለአክስትህ ሊነግራት ሮጠ።

አጎትህ ካፔምብዋ